«ፊሌ» የተባለው የዶሮ ብልት በፈረንሳይና በኬቤክ

የፈረንሳይኛ የምግብ አሠራር በሚያነቡ ዘንድ ደጋግሞ የሚነሣው ጥያቄ «ፊሌ ደ ፑሌ» የትኛው ብልት ነው የሚለው ነው። በፈረንሳይ ይህ ስም ቆዳውና አጥንቱ የወጣለትን ግማሽ ደረት በሙሉ የሚያመለክት ሲሆን፣ በካናዳዋ ኬቤክ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠራበት ከደረቱ ሥር ተለጥፎ የሚገኘው ቀጭን ሥጋ ብቻ ነው፤ ይህን ቀጭን ሥጋ ፈረንሳዮች «ኤጉዪዬት»፣ ሙሉውን ደረት ደግሞ ኬቤኮች «ፕዋትሪን» ይሉታል። ስለዚህ የፓሪስ አሠራር 4 ፊሌ ቢያዝ፣ ከሞንትሪያል ገበያ በዚያው ስም የተገዙት 4 ቁራጮች ለእራቱ አይበቁም፤ በተባለው ሰዓት ከተጠበሱም ይደርቃሉ። «ፒሎን»፣ ማለትም ቅልጥሙ፣ በሁለቱም ዘንድ አንድ ነው። እንደ ቦታው የሚለያየው «ብላን ደ ፑሌ» ነው፤ በፈረንሳይ ሥጋ ቤት ጥሬ ደረት ሲሆን፣ በሱፐርማርኬት ግን በስሱ ተቆርጦ የታሸገ የበሰለ ሥጋም ሊሆን ስለሚችል መለያውን ማንበብ ያሻል።