ባሌስትራ ለድፍን አክስል፦ ለአሮጌ መኪና እንዴት ይመረጣል?

ባሌስትራ በአንድ መሃል ቡሎን የታሰሩ የብረት ቅጠሎች ድርብርብ ነው። መሃሉ ላይ አክስሉ ይታሰራል፣ ሁለቱ ጫፎቹ ሻንሲውን ይሸከማሉ። ባሕር ዳር ላይ ጎንበስ ብሎ ላየ ሰው በየቦታው ያገኘዋል። የጭነት አይሱዙዎች ከፊትም ከኋላም በባሌስትራ ነው የቆሙት። የቶዮታ ሃያስ ሚኒባሶችም ኋላቸው እንደዚያው ነው። ዘመኑን ሲጨርስ ደግሞ ብረቱ ጥሩ ስለሆነ ቀጥቃጮች እጅ ገብቶ ማረሻና መጥረቢያ ይሆናል።

ድፍን አክስል ግራና ቀኝ ጎማዎችን በአንድ ወጥ ብረት የሚያያይዝ ነው። ከ1960 እስከ 1984 እ.ኤ.አ. የተመረተው ባለ 40 ቁጥር ላንድክሩዘር አራቱም እግሩ እንደዚህ ነው። የድሮው ላንድሮቨርም እንዲሁ። ፊያት 1100 ግን ኋላው ድፍን አክስልና ባሌስትራ ሲሆን፣ የፊት ጎማዎቹ ለየብቻ ይንቀሳቀሳሉ። ባለ አራት ጎማ ነጂ ሃይሉክስም ከ1980ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአንዳንድ ሞዴሎች ከፊት ወደዚህ አሠራር ዞሯል።

ለየብቻ የሚንቀሳቀሰውን የፊት እግር አውጥቶ በቦታው ድፍን አክስል የማስገባት ልማድ የገነነው አሜሪካ ነው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አጭር ርቀት የሚወዳደሩ ሰዎች የሸቭሮሌን የፊት እግር አውጥተው አክስልና ባሌስትራ ይገጥሙ ነበር። አፍንጫው ከፍ ሲል፣ መኪናው ሲነሳ ክብደቱ ወደ ኋላ ጎማዎች እንዲሄድ ፈልገው ነው። ጣና ዳር መኪና የሚነዳ ሰው ሐሳቡ ሌላ ነው። በክረምት የፎገራ ሜዳ ጥቁር አፈር ጭቃ ይሆናል። ኮረኮንች መንገድም የፊት እግር መገጣጠሚያዎችን ቶሎ ይጨርሳል። ድፍን አክስል የሚያልቅ ዕቃው ጥቂት ነው፣ ጥገናውም ቀላል ነው።

አክስሉን ማግኘት ያን ያህል አያስቸግርም። ሥራው የሚበላሸው ባሌስትራው ላይ ነው። ብዙ ሰው "ጠንካራው ይሻላል" ብሎ ከጭነት መኪና የወረደውን ያስገጥማል። ይህ በጣም የሚያሳዝን ስህተት ነው። የማይታጠፍ ባሌስትራ ጉድጓዱን በሙሉ ለሻንሲው ያቀብላል። ስልሳ ዓመት የቆየ ብረት ደግሞ ይህን አይችልም፣ በመበየጃው በኩል ይሰነጠቃል።

ስለዚህ መነሻው ክብደት ነው። የፊት ጎማዎችን ብቻ የእህል መጋዘን ሚዛን ላይ አውጥቶ ማስመዘን ይቻላል። ሞተሩና ካምቢዮው ቦታቸው ላይ ይሁኑ። ፊቱ 700 ኪሎ ከመዘነ እንበል። አክስሉ፣ ጎማውና ፍሬኑ 150 ኪሎ ቢሆኑ፣ እነሱን ባሌስትራው አይሸከማቸውም። የሚቀረው 550 ነው፣ ለአንድ ባሌስትራ 275 ኪሎ። መኪናው ቆሞ ሳለ ባሌስትራው ከነፃ ቅርጹ 11 ሴንቲሜትር ያህል እንዲወርድ ይፈለጋል። ያኔ በሰከንድ 1.5 ጊዜ ገደማ ይወዛወዛል፣ ለሰው ወገብም ለሻንሲም ይመቻል። 275ን ለ11 ስናካፍል 25 ይመጣል። ለእያንዳንዱ ሴንቲሜትር 25 ኪሎ የሚጠይቅ ባሌስትራ ነው የሚፈለገው ማለት ነው። በ5 ሴንቲሜትር ብቻ የሚቆም ከተገጠመ ግን ውዝዋዜው በሰከንድ ከ2 ጊዜ ያልፋል፣ ጉዞውም መንገጫገጭ ይሆናል።

ይህን ቁጥር የሚወስኑት ውፍረት፣ ርዝመት፣ ስፋትና የቅጠል ብዛት ናቸው። ሁሉም ግን እኩል አይመዝኑም። ስፋትና ብዛት በቀጥታ ይጨምራሉ፤ ውፍረት ግን ሦስት ጊዜ በራሱ እየተባዛ ነው የሚሄደው። የ7 ሚሊሜትር ቅጠል በ8 ሚሊሜትር ቢተካ ጥንካሬው ወደ ግማሽ ያህል ይጨምራል። አንድ ሚሊሜትር ብቻ ነው፣ በዓይን ሲያዩት ምንም አይመስልም! ርዝመት ደግሞ ተቃራኒው ነው። ከዓይን እስከ ዓይን (በሁለቱ ጫፎቹ ካሉት ቀለበቶች መካከል) 10 በመቶ የረዘመ ባሌስትራ ጥንካሬው በ25 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። እኔ ቦታው የሚፈቅደውን ረጅሙን ባሌስትራ በቀጭን ቅጠሎች እመርጣለሁ። አጭርና ወፍራም ሲሆን ለማስተካከል የሚቀር መንገድ የለም፣ ረጅም ሆኖ ቢለሰልስ ግን አንድ ቅጠል ይጨመርበታል።

ስፋቱ ዕቃ የማግኘት ጉዳይ ነው። የዊሊስ ጂፕ 44 ሚሊሜትር፣ የድሮ ላንድሮቨር 63፣ የላንድክሩዘር 70 ነው። ሊገኝ የሚችል ዕቃ ባለው ስፋት መሥራት ያዋጣል።

መኪናው ቆሞ ሲታይ ባሌስትራው ወደ ጠፍጣፋ የቀረበ ቢሆን ጥሩ ነው። ለከፍታ ብሎ በጣም የጎበጠ ባሌስትራ መግጠም መሪውን ያበላሻል። የባሌስትራውን አንድ ጫፍ ከሻንሲው ጋር የሚያገናኘው ተንቀሳቃሽ ማያያዣ ዘንበል ብሎ ይቁም፣ ተገልብጦ ከቆመ ባሌስትራው እንደልብ መርዘም አይችልም። አክስሉም ወደ ኋላ ከ4 እስከ 6 ዲግሪ ያጋድላል። ካነሰ በሽብልቅ ይስተካከላል፣ ካልተስተካከለ መኪናው በአስፋልት ላይ መንገዱን አይዝም። የመሪው ዘንግና ባሌስትራው አክስሉን በተቀራረበ ቅስት ካላንቀሳቀሱት ደግሞ ጉድጓድ በመታ ቁጥር መሪው በራሱ ይዞራል። እነዚህን ሳይበየድ በፊት በክሪክ ከፍ ዝቅ እያደረጉ መፈተሽ ያስፈልጋል።

አሮጌ ባሌስትራ ከሆነ የዝገት ጉድጓዶቹን ማየት ይገባል፣ ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ቅጠልን መበየድ ፈጽሞ አይቻልም። ሙቀቱ የብረቱን ጥንካሬ ያበላሸዋል፣ ከብየዳውም ጎን ይሰበራል። መብሳትም አይገባም። በመዶሻ ብቻ የተቆለመመ ቅጠል በጥቂት ጊዜ ተመልሶ ይተኛል። በትክክል የሚታደሰው 850 ዲግሪ ገደማ ሞቆ፣ በዘይት ቀዝቅዞ፣ እንደገና ዝቅ ባለ ሙቀት ሲሰክን ነው። ይህን የሚያደርግ ቦታ ካልተገኘ አዲስ መግዛት ይሻላል።

ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስረው ዩ-ቦልት አዲስ ይሁን። ከመቶዎች ኪሎሜትር በኋላ ዳዶዎቹ እንደገና ይጥበቁ። ሲላሉ ቅጠሎቹ መሃል ቡሎኑ በሚገባበት ቀዳዳ ላይ ይሰበራሉ፣ አክስሉም ከቦታው ይሸሻል። ለዓመታዊው የቦሎ ምርመራ ደግሞ፣ እንዲህ ላለ ትልቅ ለውጥ ምንም ከመቆረጡ በፊት ከትራንስፖርት መሥሪያ ቤት መጠየቅ አለበት።