የአሮጌ ቶርኖ ተገቢ ዋጋ ምንድን ነው?

ጅማ ውስጥ አሮጌ ቶርኖ (ብረትን እያሽከረከረ የሚልጥ ማሽን) ወይም ፍሬዛ (በሚሽከረከር መቁረጫ ብረት የሚቀርጽ ማሽን) ለሽያጭ ሲቀርብ፣ ሻጩ ብዙውን ጊዜ የማሽን ነጋዴ ሳይሆን ሥራ ያቆመ ባለሙያ ወይም የአባቱን ወርክሾፕ የወረሰ ልጅ ነው። ሻጩ የአዲሱን ማሽን ዋጋ ይጠራል፣ ገዥው በኪሎ የሚሸጠውን የቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ያነሣል፣ ደላላው ደግሞ መሐል ላይ ይቆርጣል። ተገቢ ዋጋ ግን የሁለቱ አማካይ አይደለም። ተገቢ ዋጋ ማለት፣ ያው ዓይነት ማሽን ደህና ሆኖ ቢገኝ ከሚያወጣው ገንዘብ ላይ፣ ይህኛውን ወደ ትክክለኛ ሥራው ለመመለስ፣ ከቆመበት ለማንሣትና ለመትከል የሚያስፈልገው ወጪ ተቀንሶ የሚቀረው ነው።

የቁርጥራጭ ብረቱ ዋጋ ወለሉን ብቻ ያሳያል፤ ከዚያ በታች የሚሸጥ ሰው ተበድሏል። የአዲሱ ዋጋም ጣሪያ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ጀምሮ በገበያ መወሰን ከጀመረ ወዲህ ብዙ ስለ ተለዋወጠ፣ ከዓመታት በፊት የተደረገን ሽያጭ ማስረጃ አድርጎ መከራከር አያዋጣም። በአውሮፓና በአሜሪካ አሮጌ ማሽኖችን እንደ ቅርስ የሚሰበስቡ ሰዎች ስላሉ፣ እንደ ሳውዝ ቤንድ ወይም ማይፎርድ ያለ የታወቀ የቶርኖ ሠሪ ስም ለብቻው ገንዘብ ያወጣል። እዚህ ቶርኖ የሚገዛው የቡና መፈልፈያ ዘንግ ለማስተካከል፣ ለወፍጮ ቦኮላ (ዘንግ የሚዞርበት ቀለበት) ለማውጣት፣ ለመኪና ፑሌጃ ለመሥራት ነው። ስለዚህ ዕድሜው ብቻውን ዋጋ አይጨምርም፤ እኔ እንደማምነው ዋጋም አይቀንስም፤ ጥሩ ተይዞ የቆየ የ60 ዓመት ቶርኖ ክፉኛ ከተሠራበት የ15 ዓመት ቶርኖ ሊበልጥ ይችላል።

ዋጋውን ከሁሉ በላይ የሚወስነው ቤድ የሚባለው፣ መቁረጫውን የያዘው ሰረገላ የሚንሸራተትበት ረጅሙ የጊዛ (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት) አካል ነው። አብዛኛው ሥራ የሚሠራው ቸኩ (የሚሠራውን ብረት ይዞ የሚያዞረው ክፍል) አጠገብ ስለ ሆነ፣ ቤዱ በዚያ በኩል ይበላል፤ በሌላኛው ጫፍ ግን እንደ ተሠራ ይቆያል። ይህን ለመለየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የሰረገላውን ማጥበቂያ ቸኩ አጠገብ ጨዋታ እስኪያጣ ድረስ ማጥበቅ፣ ከዚያም ሰረገላውን ወደ ጫፉ መግፋት ነው፤ መንገድ ላይ እየከበደ ሄዶ ከቆመ፣ የተበላው መጠን በእጅ ተነካ ማለት ነው። ቀጥሎ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ወፍራም ብረት አስሮ በስሱ መላጥና ሁለቱን ጫፎች በማይክሮ ሜትር መለካት ይገባል። እዚህ ላይ ብዙ ገዥዎች ይሳሳታሉ፤ የሁለቱ ጫፎች ውፍረት ከተለያየ ወዲያው ቤዱን ይወቅሳሉ። ማሽኑ ባልተስተካከለ ወለል ላይ ስለ ተተከለ ቤዱ ተጠማዞ ሊሆን ይችላል፤ ይህ በጥሩ ውሃ ልክና በስስ ብረቶች የሚስተካከል ስለ ሆነ ከዋጋው ሊቀነስበት አይገባም።

ሌሎቹን ጉድለቶች የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፤ እዚሁ ጅማ ሊሠራ ይችላል ወይ? የተበላ የነሐስ ዳዶ እዚያው ቶርኖ ላይ ይሠራል። ኩሽኔታ ቁጥሩ ከታወቀ ይገዛል፣ ቺንጋም እንዲሁ። የተበላ ቤድ ግን ትልቅ የመሞረጃ ማሽን ወይም ለብዙ ቀን በእጅ የሚፋቅበት ልዩ ሙያ ይጠይቃል፤ የተሰነጠቀ ጊዛም በተራ ብየዳ አይድንም። ስለዚህ ደህናው ማሽን 100 ያወጣል ብንል፣ ዳዶና ቺንጋ 5፣ የጎደሉ ጊሮች 15፣ ማጓጓዣና ተከላ 10 ቢወስዱ፣ 70 ተገቢ ዋጋ ነው። ቤዱ ክፉኛ ከተበላ ግን ስሌቱ ራሱ ይለወጣል፤ ያ ማሽን ሻካራ ሥራ ብቻ የሚሠራ ሌላ ማሽን ሆኗልና መነሻው 100 ሊሆን አይችልም።

የኤሌክትሪኩ ነገር አጭር ነው፦ ሞተሩ ስሪ ፌዝ 380 ቮልት ከሆነና ገዥው ያንን መስመር ካላስገባ፣ ወጪው የገዥው ነው እንጂ የማሽኑ ጉድለት አይደለም። ሻጩ ማሽኑን አስነሥቶ ማሳየት ካልቻለ ደግሞ ሞተሩ እንደማይሠራ ተቆጥሮ ይሰላል፤ አዲስ ቀለም ይህን አይተካም። ዝናብ በሚበዛበት በጅማ አየር ላይ ላዩን የያዘ ዝገት በዘይትና በጨርቅ ይለቃል፤ ጥፍር የሚያቆም ጉድጓድ የፈጠረ ዝገት ግን እንደ መበላት ይቆጠራል።

ከሁሉ ይልቅ የማዝንበት ከማሽኑ ጋር የሚመጡት ዕቃዎች ሲበተኑ ነው። ጥርስ (የብሎን ክር) ለማውጣት የሚቀያየሩት ጊሮች በአንድ ሳጥን ጥግ ላይ ይቀመጣሉ፤ ምን እንደ ሆኑ የማያውቅ ወራሽ ከማሽኑ በፊት ለቁርጥራጭ ብረት ገዢ ይሰጣቸዋል። በኢንች በተሠራ ቶርኖ ላይ የሚሊ ሜትር የብሎን ክር በትክክል ለማውጣት የሚያስችለው ባለ 127 ጥርስ ጊር ከእነርሱ መካከል ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱም 1 ኢንች 25.4 ሚሊ ሜትር ስለ ሆነ፣ በ5 ሲባዛ 127 ይሰጣል። አንድ ጊዜ የሟች ባለቤታቸውን ቶርኖ የሚሸጡ እናት ቤት ገዥው ቸኩንና ሞተሩን ብቻ ሲመረምር፣ አብሮት የመጣው አዛውንት ማሽኒስት ከበሩ ኋላ ሳጥኑን ስቦ አወጣና «እትዬ፣ ይህ የማሽኑ አካል ነው፤ ለብቻው እንዳይሸጥ፤ ዋጋውም ከዚህ ጋር ይባል» አላቸው። ገዥው የጨመረው ገንዘብ የጎደሉ ጊሮችን አሠርቶ ከሚያወጣው ያነሰ ነበር።