ከልክ ያለፈ ጭነት ምንድን ነው?

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ የብረታ ብረት ቤት ገብታችሁ የውኃ ታንከር ወይም የመስጊድና የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ልታሠሩ ነው እንበል። ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋና ቀን ነው። በምን መኪና ይሄዳል የሚለው የሚነሳው ቀለም ከተቀባ በኋላ ነው። ያኔ ደግሞ ብዙ ነገር አልፏል።

ከልክ ያለፈ ጭነት የሚባለው በስፋት፣ በቁመት ወይም በርዝመት ከመኪናው ካሶኒ የሚያልፍ ዕቃ ነው። የግድ ከባድ መሆን የለበትም። ከስስ ላሜራ የተሠራ 3 ሜትር ስፋት ያለው ጉልላት ጥቂት ጎረምሶች ተጋግዘው ያነሱታል። ካሶኒው ግን ስፋቱ 2.5 ሜትር ገደማ ስለሆነ ግራና ቀኝ 25 ሴንቲ ሜትር ይተርፋል። ከፊት ከሚመጣው አውቶቡስ ጋር የሚገናኘው ያ ትርፍ ነው።

ቁመት ይብሳል። የተለመደ ተሳቢ ወለሉ ከመሬት 1.5 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ 3 ሜትር ቁመት ያለው ዕቃ ስትጭኑበት 4.5 ሜትር ሆነ ማለት ነው። ወለሉ 90 ሴንቲ ሜትር የሆነ ዝቅተኛ ተሳቢ (ሎቤድ) ላይ ከሆነ ግን 3.9 ላይ ይቆማል። መንገድ አቋርጦ የረገበ የመብራት ሽቦ ላለበት ሰፈር ይህቺ ልዩነት ትልቅ ናት። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ከሆነ ጣሊያን የሠራው የጣርማ በር ዋሻ አለ። ጣሪያው ጎበጥ ባለ ዋሻ መሃሉ የሚያሳልፈውን ጠርዙ አያሳልፍም።

ስለዚህ አስቀድሞ መለካት ያለበት መንገዱ ነው። የማያሳልፍ ከሆነ ዕቃውን ከፋፍሎ ሠርቶ ቦታው ላይ በብሎን መግጠም ይሻላል። ይህ ደግሞ ላሜራው ሳይቆረጥ የሚወሰን ነገር ነው፤ ተበይዶ ካለቀ በኋላ በግራይንደር ላስተካክል ቢባል ሥራውን ማበላሸት ነው።

ክብደቱን በግምት አትተዉት። ክሬን ስትከራዩ «ስንት ቶን ነው?» መባላችሁ አይቀርም። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ 1 ካሬ ሜትር ላሜራ በየ1 ሚሊ ሜትር ውፍረቱ 7.85 ኪሎ ይመዝናል። ዲያሜትሩ 2.5 ሜትር፣ ርዝመቱ 5 ሜትር የሆነ ታንከር ከነሁለቱ ክዳኑ 49 ካሬ ሜትር ገደማ ላሜራ ይወስዳል፣ ባለ 5 ሚሊ ከሆነ ወደ 1.9 ቶን መጣ። ለፍሳሽ ሙከራ የተሞላው ውኃ ውስጡ ከቀረ ግን ሒሳቡ ገደል ገባ። 1 ሜትር ኩብ ውኃ ብቻውን 1 ቶን ነው።

ሲነሳ የገመዱን አንግል እዩ። 2 ቶን በሁለት ገመድ ስታነሱ፣ ገመዶቹ ቀጥ ብለው ከቆሙ እያንዳንዱ 1 ቶን ይይዛል። አጥረው ወደ ጎን ከተለጠጡና ከአግድሙ ጋር 30 ዲግሪ ብቻ ከሠሩ ግን እያንዳንዱ ላይ 2 ቶን ያርፋል። ዕቃው ያው፣ ጫናው እጥፍ! በጣም የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ሥር ገብተው በእጃቸው የሚያቀኑት አብዛኛውን ጊዜ ሥራ የጀመሩ ልጆች ናቸው። ከተንጠለጠለ ዕቃ ሥር ማንም አይቁም፣ በቃ። መዞር ካለበት ገመድ ታስሮለት ከሩቅ ይሳብ።

ጉልላት አፉ ክፍት ስለሆነ በቀላሉ ይጣመማል። የታችኛው ክብ ላይ አንግል ብረት በመስቀለኛ ነጥብ በነጥብ ይበየድለትና ቦታው ሲደርስ ይቆረጥ።

ታንከር ደግሞ ይንከባለላል። ሁለት ታኮ አይበቃውም፣ ልኩን የያዘ መቀመጫ ይሠራለት። የአውሮፓ የጭነት አስተሳሰር መመዘኛ ዕቃው ወደ ፊት በክብደቱ 80 በመቶ፣ ወደ ጎንና ወደ ኋላ በ50 በመቶ ቢገፋ እንኳ እንዳይንቀሳቀስ ተደርጎ እንዲታሰር ይጠይቃል። የኛ ታንከር ፍሬን ሲያዝ 1.5 ቶን ያህል ወደ ጋቢናው ሊገፋ ይችላል ማለት ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት እየተጠማዘዘ የሚወርድ ሾፌር ይህን ቁጥር በጀርባው ይዞ ነው የሚነዳው።

ጥቂት ኪሎ ሜትር ከተሄደ በኋላ ቆሞ ሰንሰለቱን ማጥበቅ ግድ ነው፤ ዕቃው እየተንቀጠቀጠ ቦታውን ሲይዝ ማሰሪያው ይላላል። ተርፎ የወጣው ጫፍ ላይ ቀይ ጨርቅ ይታሰር። በሌሊት አይነዳ። ሲወርድም ክሬኑ ክብደቱን ሳይዝ ሰንሰለት አይፈታ፣ በተለይ መኪናው ተዳፋት ላይ ከቆመ፣ ምክንያቱም ታንከሩ ሲንከባለል መጀመሪያ የሚያገኘው ሰንሰለቱን የፈታውን ሰው ነው።