ጥበቃ ያለው የብስክሌት ማቆሚያ ምንድን ነው? ወጪውንስ ማን ይችላል?

የብስክሌት ማቆሚያ ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው ግድግዳ ሥር የተተከለ ብረት ነው። ጥበቃ ያለው ማቆሚያ ግን ሳይክልህን ጠዋት አስረክበህ፣ ቁጥር ተቀብለህ፣ ማታ እንዳለ የምትረከብበት ጣሪያና አጥር ያለው ቦታ ነው። ቢጠፋ የሚጠየቅ ሰው አለ። መናኸሪያ ወይም ባቡር ጣቢያ አጠገብ የሚሠራው፣ ተሳፋሪው ከቤቱ እስከዚያ በብስክሌት መጥቶ የቀረውን በመኪና እንዲሄድ ነው።

ወሎ ላይ ይህ ሲነሳ መጀመሪያ የሚመጣው «በደሴ ዳገት?» የሚል ሳቅ ነው። ጦሳ ተራራ ሥር፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ለተቀመጠች ከተማ ሳቁ አይፈረድበትም። ኮምቦልቻ ግን ሜዳ ናት፤ ሳይክል ይሄድባታል። ኮምቦልቻ እያደረ ደሴ የሚሠራ ወይም የሚማር ሰው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ በዚያ ላይ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሐረጎ ዳገት በየቀኑ በፔዳል የሚወጣ ስፖርተኛ ካልሆነ ማንም የለም። እንግዲህ ሜዳውን በሳይክል፣ ዳገቱን በሚኒባስ ማለት ነው። ዳገት አለ ተብሎ የሚተወው ሐሳብ ዳገት ስላለ ነው የሚያስፈልገው።

ተጓዡ ይህን እንዳያደርግ የሚያግደው ሳይክሉን ከጠዋት እስከ ማታ የሚያኖርበት ማጣቱ ነው። ሌባ ደግሞ ሙሉውን መውሰድ አይጠበቅበትም፤ መቀመጫውን ወይም የፊት ጎማውን ነቅሎ ቢሄድ ባለቤቱ ማታ በእግሩ ነው የሚገባው። ስለዚህ የፊት ጎማን ብቻ የሚይዝ ብረት አይረባም። የሚያዋጣው እንደ ቅስት ታጥፎ ሁለት እግሩ መሬት የተቀበረ ቧንቧ ነው፤ ፍሬሙም ጎማውም አብረው ይታሰሩበታል። ኮምቦልቻ ያለ የትኛውም በያጅ ይሠራዋል። አንዲት የቤት መኪና በምትቆምበት ስፋት አሥር ያህል ብስክሌት ይገባል።

ስለዚህ ግንባታው ያን ያህል አይከብድም። የሚከብደው ዘበኛው ነው። በመንግሥት በጀት ቋንቋ ብረቱና ጣሪያው ካፒታል ወጪ ነው፣ አንድ ጊዜ ይወጣና ያልቃል፤ ጥበቃው ግን በየወሩ የሚመጣ መደበኛ ወጪ ነው። በእኔ ግምት እንዲህ ያለ ሥራ የሚሞተው እዚህ ላይ ነው፤ ሪባን ይቆረጣል፣ ደመወዝ የሚከፍል ይጠፋል።

ሂሳቡን ለምሳሌ ያህል እንየው። ሁለት ጠባቂዎች በድምሩ በወር 10,000 ብር ይከፈላቸው እንበል። በቀን 80 ብስክሌት ከገባ፣ በ26 የሥራ ቀን ሲካፈል ለአንድ ብስክሌት የቀን ድርሻው 5 ብር አይሞላም። 20 ብቻ ከገባ ግን 19 ብር ያልፋል፤ ያን ከፍሎ የሚያቆም የለም፤ ሰው ካላቆመም ቁጥሩ አያድግም። የድጎማ ገንዘብ የሚያስፈልገው በዋናነት ቦታው እስኪለመድ ድረስ፣ ለዚህ ክፍተት ነው።

ሌላው ዓለም ይህን በየመንገዱ ፈትቶታል። በኔዘርላንድ ዩትሬክት ጣቢያ ሥር በ2019 (እ.ኤ.አ.) የተጠናቀቀው ማቆሚያ 12,500 ብስክሌት ይይዛል፤ የመጀመሪያው 24 ሰዓት ነጻ ነው። ወጪውን የተሸከሙት ማዘጋጃ ቤቱ፣ መንግሥትና የባቡር ድርጅቶቹ አንድ ላይ ናቸው። ጃፓን በ1980 (እ.ኤ.አ.) ባወጣችው ሕግ የባቡር ድርጅቶች ለማቆሚያ የሚሆን መሬት በመስጠት እንዲተባበሩ አደረገች። ለእኛ የሚቀርበው ግን የኮሎምቢያ ዋና ከተማ የቦጎታው ይመስለኛል፤ የትራንስሚሌኒዮ አውቶቡስ ተሳፋሪ ቲኬቱን ከቆረጠ ለብስክሌቱ ሌላ አይከፍልም።

እኛ ጋ ከየት ይምጣ? የመንገድ ፈንድ ዋና ሥራው የመንገድ ጥገና ስለሆነ እሱን ተስፋ አላደርግም። የኢትዮጵያ የሞተር አልባ ትራንስፖርት (የእግርና የብስክሌት ጉዞ) ስትራቴጂ ከ2020 እስከ 2029 (እ.ኤ.አ.) የተዘረጋ ነው፤ ለከተማ አስተዳደሩ ካፒታል በጀት ለመጠየቅ መነሻ ይሆነዋል። አስተዳደሩ መሬቱን ከመናኸሪያው ጥግ ይስጥ፣ ብረቱንና ጣሪያውን ይሥራ። ጥበቃውን በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች ይያዙት፤ የመኪና ፓርኪንግ እንዲህ ሲሠራ አይተናል። ከመኪናው ፓርኪንግ ገቢ ጥቂቱ ለብስክሌቱ ቢዞር የመጀመሪያው ዓመት ክፍተት ይሞላል። ባለመኪናው ያጉረመርም ይሆናል፤ ያጉረምርም።

የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ ባቡር ተሳፋሪ ማመላለስ ሲጀምርም ማቆሚያው ከጣቢያው አጥር ውስጥ ቦታ ሊያዝለት ይገባል፤ ዙሪያው በሱቅ ከተሞላ በኋላ መሬት ፍለጋ መዞር ወጪውን ያበዛዋል። ከማኅበሩ ጋር በሚፈረመው ውል ላይ ደግሞ ሳይክል ቢጠፋ ማን፣ ስንት፣ በስንት ቀን እንደሚከፍል በግልጽ ይጻፍ።