በሆኪ ድራፍት ሴፕቴምበር 15 ለምን ወሳኝ ሆነ?

እዚህ ጎንደር የበረዶ ሆኪ የሚከታተሉ ልጆችን ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። በአንድ ዓመት የተወለዱ ተጫዋቾች ለምን በተለያየ ድራፍት፣ ማለትም ክለቦች በየዓመቱ ወጣት ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት ሥርዓት፣ ይመረጣሉ?

በሰሜን አሜሪካው የሆኪ ሊግ በኤንኤችኤል ደንብ፣ ለድራፍት የሚቀርብ ልጅ እስከ ሴፕቴምበር 15 ድረስ 18 ዓመት መሙላት አለበት። በእኛ መስከረም 5 አካባቢ፣ ዕንቁጣጣሽ እንዳለፈ ማለት ነው። ኮነር ማክዴቪድ እና ኦስተን ማቲውስ ሁለቱም በፈረንጆቹ 1997 ነው የተወለዱት። ማክዴቪድ የጃንዋሪ ልጅ ስለሆነ በ2015 ተመረጠ። ማቲውስ ግን ልደቱ ሴፕቴምበር 17 ነው። በሁለት ቀን ብቻ አመለጠውና 2016ን ጠበቀ። ያኔ የቶሮንቶ ክለብ አንደኛ አድርጎ መረጠው።

ስለዚህ የጎል ብዛት ከማወዳደራችሁ በፊት የልደት ቀን እዩ። በአንድ ድራፍት የሚቀርቡ ልጆች አንድ ዓመት ሊበላለጡ ይችላሉ። በዚህ ዕድሜ ደግሞ አንድ ዓመት በጉልበትም በብስለትም ብዙ ነው። ውጤታቸው እኩል ከሆነ፣ እኔ ታናሹን አስቀድማለሁ።