የዘረመልን ሥራ በዘር ሐረግ መለየት፦ የወሎ ማሽላ እንደ ማሳያ

ሥራው በሙከራ ያልታወቀ ዘረመል ምን እንደሚሠራ፣ በሌሎች ዝርያዎች ውስጥ ከሚገኙና ሥራቸው ከታወቀ ዘመዶቹ ተነሥቶ በዝግመተ ለውጥ ዛፍ መገመት ፊሎጄኖሚክስ ይባላል። የዝግመተ ለውጥ ተመራማሪው ጆናታን አይዘን ዘዴውን በዚህ ስም ያብራራው በ1998 እ.ኤ.አ. ነው።

የሐሳቡ መሠረት ሌላው የዝግመተ ለውጥ ተመራማሪ ዋልተር ፊች በ1970 እ.ኤ.አ. ያስቀመጠው ልዩነት ነው። ሁለት ዘረመሎች የተለያዩት ዝርያዎቹ ሲለያዩ ከሆነ ኦርቶሎግ፣ በአንድ ፍጡር ውስጥ አንዱ ዘረመል ተባዝቶ ከሆነ ደግሞ ፓራሎግ ይባላሉ። ኦርቶሎጎች ብዙውን ጊዜ የቀድሞውን ሥራ ይዘው ይቆያሉ፤ ከተባዙት ቅጂዎች ግን አንዱ ወደ ሌላ ሥራ ሊዞር ይችላል። ጋብቻ ሲታሰብ ዘር የሚቆጥር የወሎ ሽማግሌ መልክ አይቶ አይፈርድም፤ ሁለቱ ሐረጎች የት እንደሚገናኙ ይጠይቃል። እዚህም ጥያቄው ያው ነው። በዘረመሎቹ የዲኤንኤ ወይም የፕሮቲን ቅደም ተከተል መመሳሰል ብቻ የሚፈርድ ሰው፣ ትክክለኛው አቻ በአንዱ ዝርያ ውስጥ ጠፍቶ ከሆነ ፓራሎጉን በእሱ ቦታ ሊወስድ ይችላል።

ከደሴ በሐረጎ ቁልቁለት ወርዶ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለችው ኮምቦልቻ ሲደረስ፣ በቦርከና ሸለቆ ማሽላ ይበዛል። በወሎ ገበሬዎች ዘንድ «ወተት በጉንጬ» የሚባለው ማሽላ እሸቱ ተጠብሶ የሚበላ ሲሆን፣ ሲደርቅ ፍሬው ጎድጎድ ይላል። በ1973 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ጥናት ከብዙ ሺህ ናሙናዎች መካከል ላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ የበዛባቸው ሆነው ያገኛቸው ሁለት ማሽላዎች የኢትዮጵያ ነበሩ። በእነዚህ ፍሬዎች ላይሲን የሚጎድለው ካፊሪን የተባለ ፕሮቲን ድርሻ አነስተኛ ነው።

የካፊሪን ዘመድ በበቆሎ ውስጥ ዜይን ይባላል። ዜይን እንዲሠራ ከሚያዝዙት አንዱ ኦፔክ-2 የተባለ ዘረመል ሲሆን፣ እሱ የተበላሸበት በቆሎ ላይሲኑ ከፍ እንደሚል በ1964 እ.ኤ.አ. ታውቋል። ማሽላም የዚህ ኦርቶሎግ ስላለው፣ ካፊሪንን ያዝዛል ብሎ መገመት ምክንያታዊ ነው። ካፊሪንንና ዜይንን ራሳቸውን አንድ ለአንድ ማዛመድ ግን ያስቸግራል፤ ቅጂዎቻቸው በየሐረጋቸው ተባዝተዋልና። የበቆሎ ሙሉ የዘረመል ስብስብም በራሱ መንገድ ስለተባዛ፣ ለአንድ የማሽላ ዘረመል አንዳንድ ጊዜ ሁለት አቻ ይገኝለታል።

አሠራሩ ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ የዘረመሉ ቤተሰብ ይሰበሰባል፣ ቅደም ተከተሎቹ ጎን ለጎን ይደረደራሉ፣ ዛፉ ይሠራል፣ እያንዳንዱ መገንጠያ የዝርያ መለያየት ወይም የዘረመል መባዛት መሆኑ ይለያል። አድካሚው ይህ የመጨረሻው ነው። ከዚያ በሙከራ የተረጋገጠው ሥራ ወደ ጋራ ቅድመ አያት ይወጣና ሥራው ወዳልታወቀው ዘር ይወርዳል። «ጂን ኦንቶሎጂ» የተባለው ዓለም አቀፍ የዘረመል ሥራ መዝገብም ይህን ዘዴ ይጠቀማል።

ዛፉ የማሽላው ኦፔክ-2 ምን እንደሚሠራ ያመለክት እንጂ፣ የወተት በጉንጬን ጎድጓዳ ፍሬ ያመጣው እሱ መሆን አለመሆኑን አይናገርም፤ ለዚያ ወተት በጉንጬን ከተለመደ ማሽላ ጋር አዳቅሎ፣ ልጆቻቸውን ዘርቶ፣ ፍሬውን አንድ በአንድ መመዘን ያስፈልጋል።