ስለ ሚሼል ኦንፍሬ የሚባለውና እውነታው

የፈረንሳይ ፈላስፋ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን የፓሪስ ካፌና የደህና ቤተሰብ ልጅ ነው። ሚሼል ኦንፍሬን ለማወቅ መጀመሪያ ይህንን ሥዕል መተው ያስፈልጋል። የተወለደው በ1959 በኖርማንዲ ገጠር ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ ሰው እርሻ ላይ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። እናቱ ሰው ቤት ታጸዳ ነበር።

«ወላጆቹን በሞት አጥቶ ማሳደጊያ ገባ።»
ማሳደጊያ መግባቱ እውነት ነው። ወላጆቹ ግን በሕይወት ነበሩ። ልጁ ገና 10 ዓመቱ ሳለ፣ የካቶሊክ መነኮሳት ለሚያስተዳድሩት ማሳደጊያ የሰጠችው እናቱ ናት። አራት ዓመት እዚያ ቆየ። ይህንን ጊዜ በ2006 ባሳተመው መጽሐፍ መግቢያ ላይ ተርኮታል፤ አንጀት ይበላል። እናቱን ግን አይረግማትም። እሷም በሕፃንነቷ የተጣለች ልጅ ነበረች። ያላገኘችውን ፍቅር ከየት አምጥታ ትስጠው?

«የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ነው።»
አይደለም። ከ1983 ጀምሮ ለሃያ ዓመት ገደማ ፍልስፍና ያስተማረው በአንድ የቴክኒክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ከተማዋ ካን ትባላለች። የፊልም ፌስቲቫሉ ካን ደቡብ ነው፤ ይህችኛዋ በሰሜን ናት። በ2002 የቀኝ አክራሪው ዣን ማሪ ለፔን ለፕሬዚዳንትነት ሁለተኛ ዙር ሲያልፍ አገሩ ደነገጠ። ኦንፍሬም በዚያው ዓመት ሥራውን ለቀቀና በካን «የሕዝብ ዩኒቨርሲቲ» አቋቋመ። ምዝገባ አልነበረም፣ ክፍያ አልነበረም፣ ፈተናም ዲፕሎማም አልነበረም። ገብተህ ትቀመጥ፣ ትሰማ ነበር። ጡረተኛው፣ ሠራተኛው፣ ተማሪው አዳራሹን ሞላው። ትምህርቱም ለዓመታት በየክረምቱ በፈረንሳይ ሬዲዮ ተላለፈ። ለእኔ የዝናው ሥር ይህ ነው። እንደ አባትና እናቱ ላሉ ሰዎች በሩን ከፈተላቸው።

«ፍልስፍናው ‹እንብላ እንጠጣ› ነው።»
ራሱን የደስታ ፈላስፋ ብሎ ስለሚጠራ ነው ይህ የመጣው። እሱ ግን ደጋግሞ የሚያነሳው የ18ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊ ጸሐፊ የሻምፎርን ምክር ነው፦ ተደሰት፣ ሌላውንም አስደስት፣ ራስህንም ማንንም አትጉዳ። የሌላው ሰው ደስታ እኩል የሚቆጠርበት ነገር ስድነት ሊባል አይችልም። ደግሞ በ28 ዓመቱ ድንገተኛ የልብ ሕመም ጥሎት የተነሳ ሰው ነው። ሕይወት አጭር መሆኗን ከመጽሐፍ አልተማረም።

«ታዋቂ ስለሆነ ሁሉም ይስማማበታል።»
በፍጹም! በ2005 እምነትን የሚተች መጽሐፍ አወጣ፤ ከ200 ሺህ ቅጂ በላይ ተሸጠ። ክርስቲያን ጸሐፊዎችም ዝም አላሉም፣ በመጽሐፍ መለሱለት። እኔም አማኝ ስለሆንኩ ብዙ ቦታ ላይ አልስማማበትም። በ2010 የሥነ ልቦና ትንተና መሥራች የሆነውን ፍሮይድን ሲነካ ደግሞ የሥነ ልቦና ምሁራኑ ተነሱበት። የካኑ ትምህርት ግን ከመነሻውም ለሙግት ቦታ ነበረው። አንድ ሰዓት እሱ ይናገር ነበር። የሚቀጥለው ሰዓት የአድማጩ ነበር።